ውሃው ከጠራ፣ በሳምንት አንድ ቀን

የካቲት 25 ቀን 1989

ይህን ደብተር የሚያነብ ሰው ቢኖር ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ ነገር አለ፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚኖር የባሕር ዓሣ የሚሞተው በረሃብ ሳይሆን በጥጋብ ነው። ባሕር ሰፊ ስለሆነ የተረፈውን ሁሉ ይችለዋል። ሣጥን ግን መውጫ የለውም። የገባው ምግብ ተበላም አልተበላ እዚያው ይበሰብሳል። ከብስባሹ መጀመሪያ አሞንያ፣ ቀጥሎ ናይትራይት፣ በመጨረሻ ናይትሬት ይወጣል። የፊተኞቹን ሁለቱን በድንጋዮቹ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይለውጧቸዋል። ናይትሬትን ግን የሚያስወጣው ሰው ነው፤ አሮጌውን ውሃ እየቀዳ አዲስ የጨው ውሃ በመተካት። እንግዲህ ሥራው ጥቂት መመገብና በትዕግሥት መለካት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ደብተሩ የግሌ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኬሚስትሪ ሲያስተምር የኖረ ሰው ግን ፊት ለፊቱ ተማሪ እንደተቀመጠ ካላሰበ መጻፍ አይሆንለትም።

ሣጥኑ የፊሊጶስ ነው። ፊሊጶስ ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ሆኗል። ለሥልጠና ጀርመን አገር ሄዷል፤ የሚመለሰው ክረምት ሲገባ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ባለው ቤታቸው፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ በገዛ እጁ የሠራትን ይህችን ትንሽ ባሕር ለእኔ አደራ ሰጥቶኛል። መስታወቱን ራሱ ቆርጦ ራሱ አጣብቆታል፤ አንዲት ጠብታ አያንጠባጥብም። እንዲህ ያለ እጅ ሳይ ክፍል ውስጥ ያባከንኩት ጠመኔ ሁሉ አይቆጨኝም።

"ቤቱንም እናቴንም ይጠይቁልኝ፣ መምህር" አለኝ ሲሰናበተኝ። ከዚያ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳርፎ፣ "ሌላው ቢሞት ይተካል። ይህችን ብቻ አደራ!" አለ።

"ይህች" ያላት ኮራል ናት። ኮራል ተክል ትመስላለች እንጂ እንስሳ ናት። ወፍራም ግንድ አላት፤ አናቷ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ነው፤ ጃንጥላው ላይ ቁጥር የሌላቸው ትንንሽ ጣቶች ከውሃው ጋር ይወዛወዛሉ። ፊሊጶስ ሲያመጣት አውራ ጣት ታክል ነበር አሉ። ዛሬ ሁለት መዳፍ አትሞላም ብሎ የሚከራከረኝ የለም። እናቱ ወይዘሮ ፀሐይነሽ "ጃንጥላዬ" ነው የሚሏት።

ናይትሬት 10። መልካም ነው።


የካቲት 28

ዛሬ አለካኩን ለወይዘሮ ፀሐይነሽ አሳየኋቸው። የመስታወት ቱቦዋን በሣጥኑ ውሃ መሙላት፣ ጠብታውን መጨመር፣ መነቅነቅ፣ መጠበቅ። ቀለሙ ቢጫ ከሆነ ውሃው ንጹሕ ነው፤ ወደ ቀይ በሄደ ቁጥር ናይትሬቱ በዝቷል። ቱቦዋን ከቀለም ካርዱ ጋር አስተያየሁና "አሥር" አልኩ።

"አሥር። ተቀብያለሁ" አሉ።

ደነገጥኩ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ወጣት መምህር ሆኜ ክፍለ ሀገር ሳለሁ ወደ አዲስ አበባ ስደውል፣ "ቁጥሩን ይንገሩኝ" የምትለኝ ድምፅ ናት፤ ወይም የእህቷ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ።

"ስንቴ አገናኝቼዎት ይሆናል፣ መምህር! የሚያናግሯት ልጅ ማን እንደነበረችም አውቅ ይሆናል" ብለው ሳቁ።

እናቴን ነበር የማናግረው። ነገርኳቸው። ይበልጥ ሳቁ።

የመመገቢያው ሕግ፦ በየሁለት ቀኑ አንድ ቁንጥር፣ ከዚያ በላይ የለም። የጎደለው እንዲታወቅ የምግቡ ቆርቆሮ ላይ በእርሳስ መስመር አሰመርኩ። "እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ፤ አብረን እንጾማለን" አሉ። ዓሦቹ ሁለት ናቸው፤ ብርቱካናማ፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ። ፊሊጶስ አንዱን ካፒቴን፣ ሌላውን ረዳት ብሏቸዋል። ካፒቴኑ ፊት ፊት ይዋኛል፤ ረዳቱ አንድም ጊዜ ሲቀድመው አላየሁም። አንዲት ቀይና ነጭ ሽሪምፕ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዓሦቹን ትጠብቃለች። ሲመጡላት ገላቸውን ትጠርጋለች፤ እነሱም እንደ ጸጉር ቤት ደንበኛ ቀጥ ብለው ይቆሙላታል። ይህን እያዩ መሰልቸት አይቻልም።


መጋቢት 3

15። ብዙ አይደለም። አንድ ባልዲ ውሃ ለወጥኩ።

በግንብ አጥራቸው ላይ ሱቅ ተከራይቶ የሚነግደው አብዱልገኒ ስገባም ስወጣም ያየኛል።

"መምህር፣ ዛሬም ለምርመራ?"

"ዛሬም።"

"እኔ ባለፈው ወር ወገቤን ይዞኝ ስተኛ አንድ ሰው እንኳ ብቅ አላለም። ዓሣ ሆኖ መፈጠር ነበር!"


መጋቢት 8

10። ተመልሷል። ጃንጥላዋ ዛሬ እስከ ጥግ ተዘርግታ አየኋት፤ ጣቶቿ ነፋስ የሚያልፍበት የአጃ ማሳ ይመስላሉ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ወንበር አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ለብዙ ጊዜ አልተነጋገርንም። ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው ብርቅ ነው፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ዝም ብዬ ከሰው ጋር የተቀመጥኩ አይመስለኝም።

ስነሣ ስሌቴን ነገርኳቸው። ከሲኤምሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ፣ ሁለት ታክሲ ነው። ቁጥሩ አሥር ላይ ከረጋ በየቀኑ መምጣት ሳይንሳዊ ምክንያት የለውም።

"ውሃው ከጠራ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል" አልኳቸው።

"በሳምንት አንድ ቀን" አሉ። "ተቀብያለሁ" አላሉም። መስኮቱን ሊዘጉ ተነሡ። መስኮቱ ግን ተዘግቶ ነበር።


መጋቢት 11

25!

የጠብታው ጊዜ አልፎበት እንደሆነ ብዬ ደግሜ ለካሁ። 25። ወይዘሮ ፀሐይነሽ "ሃያ አምስት። ተቀብያለሁ" አሉ፤ ድምፃቸው ዛሬ ጥሩ ነበር። በየቀኑ መምጣት ግድ ሆኗል። ነገርኳቸው። ሻይ ቀርቦ ነበር።


መጋቢት 15

25። ውሃ ብለውጥም አልወርድ አለ። ምክንያቱን በተራ እየለየሁ ነው።

የቧንቧው ውሃ? ለብቻው ለካሁት፤ ከማጣሪያው የሚወጣው ንጹሕ ነው። የማጣሪያው ስፖንጅ? አጠብኩት። የሞተ ቀንድ አውጣ? ድንጋዩን ሁሉ በባትሪ አበራሁ፤ የሞተ የለም። ምግቡ? ቆርቆሮው ላይ ያሰመርኩት መስመር እንደተገመተው ነው። ከሕጉ በላይ አንዲት ቁንጥር አልጎደለም። ወይዘሮ ፀሐይነሽን እንደዚህ ታማኝ ሆነው ስላገኘኋቸው ደስ አለኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ለዓሦቹ አዝኖ አብልጦ ያበላቸው ነበር።

አዲስ ነገር አየሁ። የውሃው ወለል ላይ ስስ ዘይት አለ። መብራቱ ሲያርፍበት እንደ ቀስተ ደመና ያብረቀርቃል። ምናልባት ውሃ የሚገፋው ሞተር ዘይት ያፈስስ ይሆናል። ሶፍት ወለሉ ላይ አንጥፌ አነሣሁት። አሸተትኩት። ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ዓሣ ያለበት ውሃ ስለሆነ አልገረመኝም።


መጋቢት 16

ስልክ ከቦሌ። "መብራት ጠፋ። ሞተሩ ቆመ።" በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው አየር መንፊያ እኔ ቤት ነው፤ ልጠግነው ወስጄው። ሞኝነት። መገናኛ ታክሲ የለም። በእግር። ሃያ ሁለት ጋ አገኘሁ። የቀረውን ስመለስ።

ስመለስ፦

በሩ ክፍት ነበር። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ዱካ ላይ ቆመው በጆግ ከሣጥኑ ውሃ እየቀዱ፣ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ አስተናጋጅ ከፍ አድርገው መልሰው ያንቆረቁራሉ። እጅጌያቸው እስከ ትከሻ ርሷል። ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ሣጥኑን በጋቢያቸው ጠቅልለውታል፤ የሚታየው ፊት ለፊቱ ብቻ ነው።

"ማን አስተማረዎት?" አልኩ።

"አፋቸውን ወደ ላይ አደረጉ። አየር ያጠራቸው መሰለኝ። ደግሞ እርስዎ እስኪደርሱ ቁጭ ብዬ ልያቸው?"

ትክክል ነው። የቆመ ውሃ ኦክስጅን ያጣል፤ ከፍ ብሎ የሚወርድ ውሃ አየር ይዞ ይገባል። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። መንፊያውን ገጥሜ ስጨርስ ጆጉን ተቀበልኳቸው፤ ሲደክመኝ ተቀበሉኝ። አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ሲያልፍ ሁለታችንም ቀና አልን፤ ልማድ ነው። መብራቱ ሲመጣ ካፒቴኑ ከድንጋይ ሥር ወጣ፤ ረዳቱ ተከተለው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

በሕይወቴ ብዙ ቤተ ሙከራ አይቻለሁ። በጋቢ የተጠቀለለ ባሕር ግን አላየሁም።


መጋቢት 20

30። ዘይቱ እንደገና አለ። ሞተሩን ፈታሁት፤ የሚያፈስስ ነገር የለውም። አልገባኝም።

ሀይሚ ጨው አመጣች። ሀይሚ የበረራ አስተናጋጅ ናት፤ የፊሊጶስ ጓደኛ። ከእሱ ጋር የምንጻጻፈው በእሷ እጅ ነው። ገና በሩ ላይ፣

"ዋው፣ ጋሼ! ከረባት? ዓሦቹ ዛሬ ሰርግ አላቸው እንዴ?" አለችኝ።

ከረባት ያደረግሁት ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤት ለመሄድ አስቤ ስለነበር ነው። ቅዳሜ መሆኑን ያስታወስኩት ታክሲ ውስጥ ነው።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ከኩሽና፣ "ተይ አንቺ! መምህር ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው" አሏት። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለሁም።


መጋቢት 24

30። ስወጣ አብዱልገኒ ጠራኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"መምህር፣ እርስዎ የቤቱ ሰው ነዎትና ልጠይቅዎት። እትዬ ፀሐይነሽ ጾሙን ፈቱት እንዴ?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ኧረ በክፉ አይያዙብኝ። ሳርዲን በዛብኝ ብዬ ነው። በሁዳዴ ሳርዲን የሚገዛኝ ክርስቲያን እሳቸው ብቻ ናቸው።"

"ወይዘሮ ፀሐይነሽ በጾም እንኳን ሳርዲን፣ ዘይት የበዛበት ወጥ አይቀምሱም" አልኩት ቆጣ ብዬ። "ለድመት ይሆናል።"

"ድመት?" አለ። "እሺ። ለድመት።" እና ዞር ብሎ ዕቃ መደርደር ጀመረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወገቡ እንደገና አሞት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ቤቱ ውስጥ ድመት አይቼ አላውቅም። በጓሮ በኩል ትሆናለች። "የቤቱ ሰው" ያለኝንም ማረም ነበረብኝ፤ ደንበኛ መጣበት።


መጋቢት 25

ለወጉ ያህል "ድመቷ ደኅና ናት?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሣጥኑን ሰረቅ አድርገው አዩ። "ደኅና ናት" አሉ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን።"


መጋቢት 28

40። ቱቦዋ የቲማቲም ድልህ መስላለች።

ጃንጥላዋ ታጠፈች።

ጣቶቿን ሁሉ ሰብስባለች። አናቷ ጠቧል፣ ጠቁሯል፤ በላዩ ላይ እንደ ሰም ያለ ነገር ለብሷል። በመዳፌ ከመስታወቱ ውጭ ለካኋት፤ ግማሿ የለችም። ሦስት ባልዲ ውሃ ለወጥኩ፤ ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ መለወጥ ራሱ ይጎዳል። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም፤ ቆሜ አየኋት።

ከፊሊጶስ ጣት በቀር የሚታየኝ የለም። ይህችን ብቻ! ቤቱንና እናቱን አምኖ የሰጠኝ ልጅ ነው። እኔ ግን ምን ሠራሁ? ሻይ ጠጣሁ። ሽሮ በላሁ። ስለ ድሮ ስልክ ጨዋታ ሰማሁ። ሰው ሥራ ላይ ሳለ ደስ ካለው ዓይኑ ይደክማል። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ከቤተ ሙከራ አስወጣው ነበር። ምክንያቱ ፊቴ ተቀምጦ ሳለ እኔ እያየሁት እንዳልሆነ ይሰማኛል።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ቁጥሩን ስናገር አልደገሙትም።

"ትሞታለች?" አሉ።

"ናይትሬቱ ከወረደ ትተርፍ ይሆናል። ዘይቱም መቅረት አለበት፤ ወለሉን ሲሸፍን አየር አያሳልፍም፤ ሰውነቷም ላይ ያርፋል።"

"ዘይቱ" አሉ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ያቺን ኮራል ምን ያህል እንደሚወዷት ያወቅሁት ዛሬ ነው። የሰው ልብ እንዲህ ሲሆን አይቶ አለማክበር አይቻልም። ይቀመጡ ብዬ ውሃ ሰጠኋቸው።


ሚያዝያ 2

35። ዘይት የለም። በሶፍት ብፈልግም የለም።


ሚያዝያ 5

25። ዘይት የለም። ያደረግሁት አዲስ ነገር ውሃ መለወጥ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከመጀመሪያውም አደርግ ነበር። ጃንጥላዋ እንደታጠፈች ናት። አብዱልገኒ "የሳርዲን ገበያዬ ወደቀ፣ መምህር፤ ድመቷ ጾም ጀመረች መሰለኝ" አለኝ። የማይገባ ቀልድ ይወዳል።


ሚያዝያ 8

20። የውሃ መግፊያውን አፍ ወደ ጃንጥላዋ አዞርኩት፤ ያ ሰም የመሰለው እንዲነሣ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ በዚህ ሰሞን ብዙ አይናገሩም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ መጀመሪያ የሚያዩት ሣጥኑን ነው።


ሚያዝያ 14

ዛሬን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ስገባ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ተቀበሉኝ፤ የተኛ ልጅ ያለ ይመስል። በእግር ጣት ሄድን። ሰሙ ከዳር በኩል ተልጦ እንደ ስስ ወረቀት ይውለበለባል። ውሃው ይጎትተዋል፤ ይመለሳል፤ ይጎትተዋል። ከሥሩ የሚታየው ቆዳ አዲስ ነው፤ ነጣ ያለ፣ የሕፃን ተረከዝ የመሰለ። ወንበር አምጥተን ተቀመጥን። ድንገት ያ ልጥ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ወጣ፤ በመረቧ ያዝኩት። ከዚያ ጣቶቿ አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ከዳር፣ ቀጥሎ ከመሐል።

ይህ እንስሳ ዓይን የለውም፣ አንጎል የለውም፣ የሚሸሽበት እግር የለውም። ክፉ ቀን ሲመጣበት ማድረግ የሚችለው ተሰብስቦ መጠበቅ፣ ያረፈበትን ቆሻሻ ከቆዳው ጋር አውልቆ መጣል፣ ከዚያ እንደገና መዘርጋት ነው። ያንን ደግሞ ምንኛ በደንብ ያደርገዋል! ብዙ ሊቅ አይቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የታገሠ አላየሁም።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ አለቀሱ። መሐረቤን ሰጠኋቸው።

ናይትሬት 10። ስለ "በሳምንት አንድ ቀን" ማንሣት ረሳሁ።


ሚያዝያ 19፣ ፋሲካ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለምሳ ጠርተውኛል። ሀይሚ በረራ ላይ ናት፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከማዕዱ በፊት ለካሁ፤ ይህ ልማዴ ነው።

"ስንት ሆነ?"

"አምስት።"

"አምስት።" ዶሮ ወጡን አስቀመጡት። "እንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን ነዋ።"

"ሕጉ እንደዚያ ነበር" አልኩ።

ጨርቃቸውን አጣጠፉ፣ ፈቱ፣ እንደገና አጣጠፉ።

"መምህር፣ ይህ ቤት ድመት ኖሮት አያውቅም።"

ጭልፋው እጄ ላይ ነበር። ዓሦቹን አየሁ። የካፒቴኑን ሆድ አየሁ፤ ያን ሰሞን ክብ ሆኖ ነበር፤ ክብ መሆኑንም ጤንነት ነው ብዬ አደንቅ ነበር። ቆርቆሮውን አየሁ፤ መስመሩን። ዘይቱ። የዓሣው ሽታ። ተማሪ ብሆን ራሴን አንድ ክፍል ዝቅ አደርግ ነበር።

"ሳርዲኑ..." አልኩ።

"ለእነሱ ነዋ! ዘይቱን እያጠብኩ ነበር፤ ያጠብኩት መስሎኝ። ውሃው ሲጠራ እርስዎ ሊቀሩ ሆነ። ትንሽ ቢደፈርስ ምን አለበት አልኩ። ልጄ በትልቅ ቤት ትቶኝ ሄደ፤ ቀኑን ሙሉ የሚያወራኝ ሬዲዮ ነው። ጃንጥላዬ ስትታጠፍ ግን ነፍሴ ወጣች። የልጄን ኮራል በጣሳ ሳርዲን ልገድል! ሴትዮ አብደሻል አልኩ። ይቆጡኝ፤ ይገባኛል።"

ምን እንደመለስኩ በትክክል አላስታውስም። ዘይት የውሃን ወለል ሲሸፍን የአየር ልውውጥ ለምን እንደሚቀንስ ያስረዳሁ ይመስለኛል። እስክጨርስ ሰሙኝ።

"አሁን ጨረሱ?"

"ጨረስኩ።"

"እንግዲያውስ ይብሉ፤ ቀዘቀዘ።"

በላሁ። ጉርሻ አጎረሱኝ፤ አጎረስኳቸው።

ስነሣ በሩ ላይ፣ "ለፊሊጶስ መንገር አለብኝ" አልኩ።

"ስለ ሳርዲኑ?"

"ስለ ሁሉም። ቤቱን አደራ ብሎኝ ነው የሄደው።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በዚያ ድምፅ፣ በድሮው፣ ክፍለ ሀገር ሆኜ የምሰማው በነበረው፣

"ይንገሩት። እኔ መስመሩ ላይ ነኝ" አሉ።


ሚያዝያ 22

ከበዓሉ ወዲህ ቦሌ አልሄድኩም። ዛሬ ጠዋት ግን በስልክ ጠይቄያለሁ። አምስት ነው፤ ራሳቸው ለክተው ነገሩኝ። "አምስት" አልኩ። "ተቀብለዋል?" አሉኝ። "ተቀብያለሁ።" ሌላ አልተነጋገርንም፤ ስልኩንም ቶሎ አልዘጋነውም።

ከሰዓት በኋላ አብዱልገኒ በራፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሱቁን ዘግቶ እስከ ሲኤምሲ መጥቷል።

"መምህር፣ ሽማግሌ ካስፈለገ እኔ አለሁ። ነጭ ልብስ አለኝ፣ ምላስ አለኝ። እስላም ስለሆንኩ ይከብዳል ካሉ ደግሞ አንድ ክርስቲያን ከጎኔ ያድርጉ፤ የምናገረው እኔ ነኝ።"

"ማንን ነው የምትጠይቀው?"

"ልጁን ነዋ። የቤቱ ወንድ እሱ አይደል?"

"ልጁ እኮ ተማሪዬ ነበር። አንድ ጊዜ ከአሥር ሁለት ሰጥቼዋለሁ።"

"እንግዲያው አሁን እሱ ያርምዎታ!" አለ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ፊሊጶስ፤

ሽማግሌ ጀርመን ድረስ አይላክም። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ የምትደውለው ወደ እናንተ ቤት ነው፤ እናትህም አጠገብ ናቸው። ስለዚህ ይህንን ደብተር እንዳለ በሀይሚ እጅ ልኬልሃለሁ። ሳነበው ጥቂት ገጾች ቀድጄ ላስቀር አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ስሌቱን ሳያሳይ መልሱን ብቻ ለሚጽፍ ተማሪ ማርክ ሰጥቼ እንደማላውቅ ታስታውሳለህ።

ኮራልህ ደኅና ናት። አንድ ክፉ ሰሞን አልፎባታል፤ ናይትሬቱ አርባ ደርሶ ነበር፤ እንዴት እንደደረሰ ከላይ አንብበሃል። እናትህን እንዳትቆጣ። ጥፋት ካለ የማየት ኃላፊነት የነበረብኝ እኔ ነኝ። መብራት በጠፋ ዕለት ሣጥንህን በጋቢያቸው ጠቅልለው ያዳኑትም እሳቸው ናቸው፤ ያንን ከሳርዲኑ በፊት ቁጠረው።

እንግዲህ ውሃው ጠርቷል። በራሴ ሕግ መሠረት እስከ እሑድ ወደ ቤታችሁ የምሄድበት ምክንያት የለኝም፤ ከዚያም በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ምክንያት ልትሰጠኝ የምትችለው አንተ ነህ። የምጠይቅህ ይህ ነው፦ ውሃው ንጹሕ ቢሆንም በየቀኑ እንድመጣ ትፈቅድልኛለህ?

የማትፈቅድ ከሆነ ሳታፍር ንገረኝ፤ መለኪያውን ለሀይሚ አስተምሬ አደራህን አስረክባለሁ። ሀይሚ ነገ ትበራለች፣ ቅዳሜ ትመለሳለች። እባክህ አንድ መስመርም ቢሆን በእሷ እጅ ላክልኝ፤ እሑድ ሳይደርስ መልስልኝ።

መምህርህ ገረመው